በቤት ውስጥ መፈልፈያ ማሽን ጫጩት ማስፈልፈል፦ ከዝግጅት እስከ 21ኛው ቀን

እንቁላል በመፈልፈያ ማሽን አስገብተው፣ 21 ቀን ጠብቀው፣ በመጨረሻ ሁለትና ሦስት ጫጩት ብቻ የሚያገኙ ሰዎች ብዙ ናቸው። የቀሩትን እንቁላሎች ሲሰብሩም ላባ እስከ ማውጣት ደርሰው ቅርፊቱን ሳይሰብሩ የሞቱ ጫጩቶችን ያገኛሉ፤ ይህ ከጠፋው ገንዘብ በላይ የሚያሳዝን ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በማሽኑ ይመካኛል። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ የሚደርሰው ኪሳራ በአብዛኛው የሚመነጨው ከሦስት ነገሮች ነው፦ በማሽኑ ፊት ላይ የሚታየውን ቁጥር ሳያረጋግጡ ከማመን፣ ዕድሜውና መዳበሩ ያልታወቀ እንቁላል ከማስገባት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ክዳኑን ደጋግሞ ከመክፈት። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከደርዘን እስከ መቶ እንቁላል የሚይዝ አነስተኛ ማሽን ላላቸውና መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ እንቁላል ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑን ይፈትኑ

*ቦታና ጽዳት*

ማሽኑን የፀሐይ ጨረር በማያገኘው፣ የበርና የመስኮት ንፋስ በማይደርስበትና የሙቀት መጠኑ ቀንና ሌሊት እምብዛም በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ፣ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ክፍል ተስማሚ ነው። ማእድ ቤት ጭስና እንፋሎት ስላለበት፣ በረንዳ ደግሞ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ አይመረጡም። የውስጡን ክፍል በሳሙና ያጥቡ፤ በ1 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ይወልውሉት፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ሽታው እስኪጠፋ ያድርቁት። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ማሽኑን በስታብላይዘር በኩል ያገናኙት፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ከፍተኛ ኃይል የሙቀት መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

*ቴርሞሜትሩን ማረጋገጥ*

በርካሽ ማሽኖች ላይ የሚታየው ቁጥር ከእውነተኛው ሙቀት በአንድ ዲግሪ መራቁ ያልተለመደ አይደለም። አንድ ዲግሪ ለክፍል ሙቀት ምንም አይደለም፤ ለ21 ቀን በአንድ ዲግሪ የተሳሳተ እንቁላል ግን ወይ አይፈለፈልም፣ ወይም ደካማ ጫጩት ይሰጣል። ስለዚህ የሚከተለውን ያድርጉ፦

1. ከፋርማሲ የሚገዛ ዲጂታል የሰውነት ሙቀት መለኪያ እና ለማሽኑ የሚጠቀሙበትን ሌላ ቴርሞሜትር ያዘጋጁ።
2. በብርጭቆ ውስጥ ወደ 38 ዲግሪ የሚጠጋ ለብ ያለ ውሃ ያድርጉ።
3. የሁለቱን ጫፎች አጠጋግተው ውሃው ውስጥ ይያዙ፤ ውሃውን እያማሰሉ የሰውነቱ መለኪያ ድምፅ እስኪሰጥ ይጠብቁና ሁለቱንም ያንብቡ።
4. ልዩነቱን በወረቀት ጽፈው ቴርሞሜትሩ ላይ ይለጥፉ። ለምሳሌ ቴርሞሜትሩ በ0.6 ዲግሪ አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ባነበቡት ቁጥር ላይ ሁልጊዜ 0.6 ይደምሩ።

ቴርሞሜትርን በሚፈላ ውሃ መፈተን በደጋ አገር ያሳስታል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም።

*እርጥበት መለኪያውን ማረጋገጥ*

አንድ የጠርሙስ ክዳን በገበታ ጨው ይሙሉ፤ ጨው እንደ ረጠበ አሸዋ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩበት፤ ውሃ ግን አይቋጥርበት። ክዳኑንና እርጥበት መለኪያውን ጎን ለጎን በማያስተነፍስ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ይክደኑና ለ12 ሰዓት በክፍል ሙቀት ያቆዩ። ትክክለኛ መለኪያ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 68 ካሳየ ወደፊት በሚያነቡት ላይ 7 ይደምሩ፤ 80 ካሳየ 5 ይቀንሱ።

*ባዶውን ማስኬድ*

ማሽኑን ውሃ ጨምረው ያለ እንቁላል ቢያንስ 24 ሰዓት ያስኪዱት። ማራገቢያ ያለው ማሽን ከሆነ ሙቀቱን በ37.5 እና በ37.7 ዲግሪ መካከል ያድርጉት። ማራገቢያ የሌለው ከሆነ ግን አየሩ ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚደራረብ፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእንቁላሎቹ አናት ከፍታ ላይ አድርገው ከ38.3 እስከ 38.8 ዲግሪ እንዲሆን ያስተካክሉ። ቴርሞሜትሩን በተለያዩ ማእዘናት እያዘዋወሩ ይለኩ፤ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ ማእዘን ካለ እዚያ እንቁላል አያስቀምጡ። ማሽኑ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይዋዥቅ ካልቆየ እንቁላል አይግዙ።

ደረጃ 2፦ እንቁላል መምረጥና ማቆየት

ከሱቅና ከሱፐርማርኬት የሚገዛ የእርባታ እንቁላል ጫጩት አይሆንም፤ ለገበያ እንቁላል የሚያመርቱ እርባታዎች አውራ ዶሮ ስለማይቀላቅሉ እንቁላሉ ያልዳበረ ነው። የገበያ የሀበሻ እንቁላል የዳበረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስንት ቀን እንደቆየና በመንገድ ምን ያህል እንደተናወጠ አይታወቅም። አስተማማኙ መንገድ አውራ ካለው አርቢ በቀጥታ መውሰድ ነው። ሲሄዱ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ አንድ አውራ ስንት ሴት ዶሮዎች ይሸፍናል? ከስምንት እስከ አሥር ቢሆን ጥሩ ነው። አውራው ከተቀላቀለስ ስንት ጊዜ ሆነው? ሁለት ሳምንት ካልሞላው ይቆዩ። እንደ ቦቫንስ ብራውን ካሉ ዲቃላ የእንቁላል ዶሮዎች ጫጩት ለማግኘት ካሰቡ ደግሞ፣ ልጆቹ የእናታቸውን ምርት እንደማይደግሙ አስቀድመው ይወቁ።

መዳበሩን ሳያስገቡ በብርሃን ማየት አይቻልም። ከአንድ አርቢ ብዙ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ወይም አራት ይሰብሩና አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ይመልከቱ። የዳበረው ላይ ነጥቧ ሰፋ ብላ ክብ ቀለበት ይኖራታል፤ ያልዳበረው ላይ ትንሽ፣ ድፍንና ጠርዟ ያልተስተካከለ ትሆናለች። የተሰበሩት ለምግብ ስለሚሆኑ በዚህ ፈተና የሚባክን ነገር የለም።

ለማስገባት የሚመርጡት ንጹሕ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ቅርጹ የተስተካከለና ለዝርያው መካከለኛ መጠን ያለው ይሁን። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል በተፈጥሮው ትንሽ ስለሆነ ከሌላ ዝርያ ጋር በክብደት አያወዳድሩት። በጣም ረጅም፣ ፍጹም ክብ ወይም ቅርፊቱ የሳሳ ከሆነ ይተዉት። የቆሸሸ እንቁላል አይጠቡ፤ ማጠብ የተፈጥሮ መከላከያ ሽፋኑን ያነሳና ተህዋስያን በቀዳዳዎቹ በኩል እንዲገቡ መንገድ ይከፍታል። ጥቂት የደረቀ ቆሻሻ ካለበት በደረቅ ሻካራ ጨርቅ በቀስታ ይፈግፍጉ፤ ኩስ የተለጠፈበትን ደግሞ ጨርሰው ያስወግዱ።

እንቁላሎቹን እስኪሞሉ የሚያቆዩ ከሆነ ጠባቡን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ያስቀምጡ። ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡ። እስከ ሰባት ቀን ቢቆዩ ችግር የለውም፤ ከዚያ በላይ በቆዩ ቁጥር የሚፈለፈሉት ይቀንሳሉ፤ ከአሥር ቀን ያለፈውን ባያስገቡ ይመረጣል። በመኪና ወይም በባጃጅ የመጣ እንቁላል ደግሞ ከመግባቱ በፊት ጠባቡ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ለ12 እስከ 24 ሰዓት ይረፍ።

ደረጃ 3፦ ማስገባት

1. እንቁላሎቹ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ። ቀዝቃዛ እንቁላል በቀጥታ ከገባ ቅርፊቱ ላይ ላብ ይወጣል።
2. በእርሳስ በአንዱ ጎን «ሀ»፣ በተቃራኒው «ለ» ብለው ይጻፉ። እስክሪብቶና ማርከር አይጠቀሙ።
3. ስድስት እንቁላሎች ይምረጡ፤ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ሰጥተው እያንዳንዱን በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው ይመዝግቡ። ጥቅሙን በሚቀጥለው ደረጃ ያገኙታል።
4. ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስገቡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጨመር በመጨረሻው ሳምንት አንዱ እርጥበት ሌላው ድርቀት ሲፈልግ መውጫ ያሳጣል።
5. ካስገቡ በኋላ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ለመመለስ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ መቆጣጠሪያውን አይንኩ። ብዙ ሽል በመጀመሪያው ሌሊት የሚሞተው ባለቤቱ ቸኩሎ ሙቀቱን ከፍ ስላደረገ ነው።

የቀን አቆጣጠሩን አይሳቱ። የገባበት ዕለት ዜሮ ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላው አንድ ይባላል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ የገባ እንቁላል ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ይፈለፈላል፤ 18ኛው ቀን ደግሞ ረቡዕ ላይ ይውላል። በሚፈለፈልበት ዕለት ቤት መዋል እንዲችሉ የማስገቢያውን ቀን በዚህ መሠረት ይምረጡ።

ደረጃ 4፦ ከ1ኛው እስከ 18ኛው ቀን

*ማገላበጥ*

ሽሉ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር እንዳይጣበቅ እንቁላሉ መገላበጥ አለበት። ማሽንዎ በራሱ የሚያገላብጥ ከሆነ በየዕለቱ በትክክል መዞሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። በእጅ ከሆነ በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ያገላብጡ፤ ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት እና ማታ 3 ሰዓት። ቁጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን የሚፈለገው፣ ረጅሙን ሌሊት አንድ ቀን በ«ሀ»፣ በማግሥቱ በ«ለ» ጎን እንዲያሳልፍ ነው። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። አንድ ጊዜ ቢያልፍዎት እጥፍ አድርገው ለማካካስ አይሞክሩ፤ በቀጣዩ ሰዓት ይቀጥሉ።

*እርጥበትና ክብደት*

በእነዚህ 18 ቀናት እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን። ግን ከመለኪያው ይልቅ እንቁላሉ ራሱ እውነቱን ይነግርዎታል፤ እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከመጀመሪያ ክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ የሚሆነውን ውሃ በቀዳዳዎቹ በኩል ማስወጣት አለበት። ቁጥር የሰጧቸውን እንቁላሎች በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ18ኛው ቀን ይመዝኑ። 50 ግራም የነበረ እንቁላል በ7ኛው ቀን 47.7፣ በ14ኛው ቀን 45.3፣ በ18ኛው ቀን 44 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። አንድ ግራም ብቻ የሚለይ ሚዛን ካለዎት ስድስቱን በአንድነት ይመዝኑ፤ ባዶ ሆኖ የተወገደ ካለ የእሱን የመጀመሪያ ክብደት ከመጀመሪያው ድምር ይቀንሱ።

- ክብደቱ ከሚገባው በላይ ከቀነሰ እርጥበት ያንሳል፤ ሌላ የውሃ ገንዳ ይሙሉ።
- ከሚገባው በታች ከቀነሰ እርጥበት በዝቷል፤ አንዱን ገንዳ ያድርቁ።

እርጥበትን የሚጨምረው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን ለአየር የተጋለጠው ስፋቱ ነው፤ ጠባቡን ገንዳ እስከ አፉ መሙላት ለውጥ አያመጣም። የሚጨምሩት ውሃ ለብ ያለ ይሁን።

በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በመሳሰሉት ደጋማ ቦታዎች ይህ መመዘን የግድ ነው። አየሩ ቀጭን በሆነ ቁጥር ውሃ ከእንቁላሉ በፍጥነት ይወጣል፤ የኦክስጅኑም መጠን ያንሳል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ይህን ታሳቢ ስለማያደርግ በደጋ ከተጻፈው ትንሽ ከፍ ያለ እርጥበት ሊያስፈልግ ይችላል፤ የአየር ቀዳዳዎቹንም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። እርጥበት ለመያዝ ብሎ ቀዳዳ መድፈን ሽሉን ማፈን ነው።

*በብርሃን መፈተሽ*

በ7ኛው ቀን ማታ ክፍሉን ያጨልሙ። በካርቶን ላይ ከእንቁላሉ ያነሰ ቀዳዳ አበጅተው ከስልክዎ መብራት ፊት ይያዙትና የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ ቀዳዳው ላይ ያሳርፉ።

- የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀያይ የደም ሥሮችና መሃላቸው የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ካዩ ሕያው ነው።
- ከገባበት ቀን ምንም ያልተለወጠና ወለል ብሎ የሚያበራ ከሆነ አልዳበረም ወይም ገና በጅምሩ ሞቷል፤ ያውጡት።
- የደም ሥር ሳይኖረው ቀይ ቀለበት ብቻ ከታየ ሽሉ ሞቷል፤ ያውጡት።
- ካላወቁት ምልክት አድርገው ይመልሱት፤ በ10ኛው ቀን እንደገና ይዩት። ቅርፊቱ ቡናማ የሆነ እንቁላል በ7ኛው ቀን ብዙ ጊዜ አያስታውቅም።

ፈተናው ለእያንዳንዱ እንቁላል ከጥቂት ሰከንድ አይለፍ፤ ጠቅላላ ሥራውም በሩብ ሰዓት ይጠናቀቅ። በ14ኛው ቀን ይድገሙት። የሚሸት ወይም ቅርፊቱ ላይ ፈሳሽ ያላበው እንቁላል ካገኙ ወዲያው በጥንቃቄ ያውጡ፤ ግም እንቁላል ማሽን ውስጥ ከፈነዳ ሌሎቹን ሁሉ ይበክላል።

*መብራት ሲጠፋ*

ሽል ቅዝቃዜን ከሙቀት ይልቅ ይታገሣል። ለጥቂት ሰዓታት የቀዘቀዘ እንቁላል ዘግይቶ ሊፈለፈል ይችላል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት የቆየ ግን አይተርፍም። ስለዚህ አይደንግጡ፦

1. ክዳኑን አይክፈቱ። ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ።
2. በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፤ የአየር ቀዳዳዎቹን ግን አይድፈኑ።
3. ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ ከቆየ በሃይላንድ ውሃ መያዣዎች ሙቅ ውሃ ሞልተው በማሽኑ ዙሪያ፣ ከጋቢው ሥር ይደርድሩ። ውስጥ ቦታ ካለ በ40 ዲግሪ የሞላ አንድ መያዣ እንቁላል ሳይነካ ማስገባት ይቻላል። በየሰዓቱ ይቀይሩ።
4. ሻማ ወይም ከሰል አጠገቡ አያኑሩ። አየሩን ይበክላል፤ ከፎም የተሠራ ማሽንም በቀላሉ ይቃጠላል።
5. መብራት ሲመለስ ማሽኑን መልሰው ይሰኩ፤ ጋቢውንና መያዣዎቹን ያንሱ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ይከታተሉ።

ከ15ኛው ቀን በኋላ ሽሉ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭና ብዙ አየር ስለሚፈልግ ሽፋኑን ያሳሱ። መብራት ለረጅም ሰዓት ቢጠፋም እንቁላሎቹን አይጣሉ፤ ከአራት ቀን በኋላ በብርሃን አይተው ይወስኑ። በአካባቢዎ መብራት ደጋግሞ የሚጠፋ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ ማሽን ወይም ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር መሣሪያ) ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ በፊት የሚገዛ ነው።

ደረጃ 5፦ 18ኛው ቀን

በዚህ ዕለት ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ጨርሰው ይዝጉ።

1. ለመጨረሻ ጊዜ በብርሃን ይፈትሹ። ሕያው እንቁላል ከአየር ክፍሉ (በሰፊው ጫፍ በኩል ካለው ባዶ ቦታ) በቀር ጨልሞ ይታያል።
2. ማገላበጥ ያቁሙ፤ ማገላበጫውን ያውጡ። እንቁላሎቹን በጎናቸው ያስተኙ።
3. ከሥራቸው ሻካራ ጨርቅ ወይም መረብ ያንጥፉ። ጋዜጣና ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትቱ የጫጩት እግር ይበረግዳሉ።
4. ገንዳዎቹን ሁሉ በለብ ያለ ውሃ ይሙሉ፤ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ካልደረሰ የረጠበ ንጹሕ ስፖንጅ ይጨምሩ።
5. የአየር ቀዳዳዎቹን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ።
6. ክዳኑን ዘግተው የተፈለፈሉትን እስኪያወጡ ድረስ አይክፈቱ። ውሃ መጨመር ካስፈለገ በቀዳዳው በኩል በቀጭን ቱቦ ያንቆርቁሩ።

ደረጃ 6፦ መፈልፈል

ጫጩቱ በ19ኛውና በ20ኛው ቀን መካከል በመጀመሪያ የውስጡን ሽፋን በስቶ በአየር ክፍሉ ውስጥ መተንፈስ ይጀምራል፤ ድምፁም ይሰማል። ቀጥሎ ቅርፊቱን ይበሳል። ከዚህ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ምንም ሳያደርግ ይቆያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጫጩቱ የቆመው ደክሞ ሳይሆን በሽፋኑ ሥሮች ውስጥ ያለውን ደምና የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ስለሆነ ነው። በዚህ ሰዓት ቅርፊቱን የሚልጥለት ሰው ደሙን ያፈስበታል። ክዳኑን የሚከፍተው ደግሞ እርጥቡን አየር ያስወጣል፤ ሽፋኑ ደርቆ እንደ ላስቲክ ጫጩቱን ይይዘዋል፤ አጠገቡ ያሉት ገና የበሱ ሁሉ አብረው ይጎዳሉ።

ማገዝ የሚፈቀደው ከበሳ 24 ሰዓት አልፎት ምንም ካልቀጠለና ሌሎቹ ፈልፍለው ከጨረሱ ብቻ ነው። ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ ሽፋኑን ያርጥቡ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቂት ቅርፊት ብቻ ያንሱ። የደም ጠብታ ካዩ ወዲያው አቁመው ወደ ማሽኑ ይመልሱት፤ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ይመልከቱት። ከአንገቱ በታች ያለውን ራሱ ይግፋ።

የተፈለፈሉት ጫጩቶች በሆዳቸው ባለው አስኳል ሁለት ቀን ያለ ምግብና ውሃ መቆየት ስለሚችሉ ለማውጣት አይቸኩሉ። አብዛኞቹ ደርቀው ሲነፉ፣ በየ12 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ፈጠን ብለው በቡድን ያውጡ። በ23ኛው ቀን መጨረሻ ላይ ማሽኑን ያጥፉ።

ደረጃ 7፦ የጫጩቶቹ ማረፊያ

ማረፊያውን በ20ኛው ቀን አዘጋጅተው በአምፖል ያሙቁ። ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ አንጥፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርቅ ያልብሱት። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል ይቀንሱ። ከአምፖሉ ሥር ተጠጋግተው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ወደ ዳር ሸሽተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው የሚጫወቱ ከሆነ ተስማምቷቸዋል። በመጀመሪያ ውሃ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የጫጩት መኖ ይስጡ፤ ውሃ መጠጫው ውስጥ ጠጠር ያድርጉ፤ ጥልቅ ዕቃ ያሰጥማቸዋል። በዝግ ክፍል ውስጥ በከሰል ማሞቅ ጫጩቶቹንም ሰውንም ይገድላል። ስለ ፈንግል ክትባት ጊዜ በወረዳዎ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ከመጀመሪያው ቀን ያነጋግሩ።

ደረጃ 8፦ ያልተፈለፈሉትን ከፍተው ይመርምሩ

ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው፤ ያለዚህ ግን የሚቀጥለው ዙር ካለፈው አይሻልም። ከቤት ውጭ፣ ጓንት አድርገው እያንዳንዱን እንቁላል ከሰፊው ጫፍ ይስበሩና ያዩትን ይጻፉ።

- አብዛኛው ባዶ ከሆነ፦ ችግሩ ከአውራው ወይም ከእንቁላሉ ዕድሜ ነው። ማሽኑን አይንኩ፤ አርቢውን ይቀይሩ።
- በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ ብዙ ከሆነ፦ እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት ቆይቷል ወይም ተናውጧል፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት ከፍ ብሎ ነበር።
- በእርጥበት የተሞላ፣ ያበጠና ያልበሳ ጫጩት፦ እርጥበቱ በ18ቱ ቀናት በዝቶ ነበር። የክብደት መዝገብዎን ያመሳክሩ።
- የበሳና ሽፋኑ ተጣብቆበት የሞተ፦ እርጥበቱ በመጨረሻው አንሷል፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቷል።
- ሙሉ ሆኖ ያልበሳ፣ እርጥበቱ ግን ትክክል የነበረ፦ የአየር ቀዳዳዎቹ ጠብበው እንደነበር ይጠርጥሩ፤ በደጋ ይህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።
- ከ20ኛው ቀን በፊት የፈለፈሉ፣ እምብርታቸው ያልተዘጋ፦ ሙቀቱ ከፍ ብሏል። በሚቀጥለው ዙር በ0.3 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉ።
- በ22ኛውና በ23ኛው ቀን የፈለፈሉ፣ ደካማና ሆዳቸው የተነፋ፦ ሙቀቱ ዝቅ ብሏል። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ካልነበረ በ0.3 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ።

በአንድ ዙር ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ፤ ሙቀቱንም እርጥበቱንም አብረው ካነሱ ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ቅርፊቱንና የሞቱትን በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ፤ ማሽኑን ላባና አቧራው ሳይደርቅበት በዚያው ዕለት በደረጃ 1 በተገለጸው መንገድ አጥበው፣ አድርቀውና ክዳኑን ገርበብ አድርገው ያስቀምጡት።